ሼባ ተጫዋች ቡድን ይጎዳል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዕድሜና ስለ ስፖርት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ቤዝቦል ያስለመደኝ እሱ ነው። የምደግፈው ቡድን 35 ያለፋቸውን ሰብስቧል። ሼባ የበዛበት ቡድን ዋንጫ ይበላል? (ከደብረ ብርሃን)

ሊበላ ይችላል እህቴ፣ ግን ዕድሉ ይጠባል። አብዛኛው መቺ (ኳሷን በዱላ የሚመታው ተጫዋች) የሚያብበው ከ26 እስከ 29 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ መቺው ጋ ትደርሳለች። እጁ የዘገየ ሰው ቀድሞ መወሰን አለበት፤ ያኔ ቀስ ብላ በምትመጣ ኳስ ይሸወዳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚከዳው ግን እግር ነው። ዓይን ይቆያል፤ የትኛዋን መትቶ የትኛዋን ማሳለፍ እንዳለበት አንጋፋው ያውቃል።

የ1983ቱን የፊላዴልፊያ ቤዝቦል ቡድን እዪ። ፒት ሮዝ፣ ቶኒ ፔሬዝና ጆ ሞርጋን ሦስቱም 40 ደፍነው ፍጻሜ ደርሰዋል። በባልቲሞር 4 ለ 1 ተሸነፉ እንጂ። ያን ዓመት 40 ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር በላይ የሚያሻግር ምት) የመታው ግን በዕድሜ የሚያንሳቸው ማይክ ሽሚት ነበር። ስለዚህ የሼባዎቹን ቁጥር ትተሽ ከጎናቸው ማን እንዳለ ተመልከቺ።

ካረጁ ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን ይከፍሏቸዋል? (ከደብረ ሲና)

የጉዳዩ ሥር ይሄ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ተጫዋች በነፃነት ገበያ የሚወጣው በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ወደ 30 ተጠግተዋል። ክለቡ ትናንት ለሠራው ሥራ ነገ ይከፍለዋል።

መቺው አልበርት ፑሆልስ በሴንት ልዊስ ቡድን 11 ዓመት ነገሠ። 32 ሊሞላው ሲል ኤንጀልስ ከተባለ ሌላ ቡድን ጋር የ10 ዓመት፣ የ240 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እግሩ ታመመ፣ ምቱ ወረደ። ውሉ ሳያልቅ በ2021 አሰናበቱት። በማግስቱ ዓመት፣ በ42 ዓመቱ፣ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሴንት ልዊስ ተመለሰ። አሰልጣኙ በየቀኑ አላሰለፈውም፤ ያወጣው የነበረው በተለይ ግራኝ ወርዋሪ ሲመጣ ነው። 24 ሆም ራን መታ፣ በድምሩ 703 አድርሶ ጫማውን ሰቀለ። ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ።

ሰውየው ያው ነው፣ እንዲያውም አርጅቷል። የተለየው የተሰጠው ሥራ ነው። ቡድን የሚጎዳው ለአንጋፋው የወጣት ሥራና የወጣት ውል ሲሰጠው ነው። «አርጅቶ አከሰረን» ብሎ ተጫዋቹን መስደብ ያሳዝነኛል፤ ውሉን ያዘጋጀው እሱ ብቻ አይደለማ።

የከተማችንን የእግር ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። አምበላችን አማካይ ነው፣ 38 ዓመቱ። ልጆቹ «ይውጣልን» እያሉ ያጉረመርማሉ። (ከሸዋሮቢት)

አሰልጣኝ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ ስትነጠቁ እሱን ብቻ ይመልከቱት። ዞሮ ይሮጣል ወይስ እጁን አንስቶ ዳኛውን ይጣራል? የሚሮጥ ከሆነ ልጆቹ ይታገሱ። መሮጥ ካቆመ ደግሞ በእናንተ የቆላ ሙቀት 90 ደቂቃ አይጫኑበት፤ ተቀይሮ ይግባ። ሮጀር ሚላ በ1990 የዓለም ዋንጫ በ38 ዓመቱ አራት ጎል ያገባው ሁሌም ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ነው፤ ካሜሩንም ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች።

ግን ልጆቹ ከመስማታቸው በፊት ለብቻው ጠርተው ይንገሩት። በሰው ፊት ማዋረድ ቡድን ያፈርሳል።

33 ዓመቴ ነው፤ ማራቶን ልጀምር ብል መሸብኝ? (ከመሐል ሜዳ)

ኧረ ምን መሸ! የሰሜን ሸዋው ልጅ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ያጠለቀው በ32 ዓመቱ ነው፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ በ36 ወርቅ፣ ሙኒክ ላይ በ40 ነሐስ ወስዷል። ቀነኒሳም በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ወጥቷል። እነሱ ግን የዓመታት ሩጫ ከኋላቸው ነበር። አንተ በቀስታ ጀምር፣ ኪሎ ሜትሩን ከሳምንት ሳምንት በጥቂቱ ጨምር፣ ከከባድ ልምምድ ማግስት እረፍ። ጉልበትህን ካመመህ ደግሞ «ይለቀኛል» ብለህ አትሩጥበት፤ ሐኪም አሳየው።