መልስ፦ ከወገብ ፈሳሽ መወሰዱ ሽባ ያደርጋል ወይ?

እህቴ፣ ለወንድምሽ ምሕረቱን ያውርድለት። ባሕር ዳር ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ጠርጥረው ከወገቡ ፈሳሽ እንውሰድ ሲሉ፣ ጎረቤት «ሽባ ያደርገዋል፣ መቅኔውን ይጨርሱታል» ብሎ አስፈራርቶሻል። እባክሽ በዚህ ምክንያት እምቢ እንዳትሉ።

በአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ) የሚያልቀው መርፌው ከሚገባበት ቦታ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ ቀጫጭን ነርቮች ናቸው፤ መርፌው ሲመጣ ገሸሽ ይላሉ። ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። የሚወሰደውም ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሰውነት በቀን ወደ 500 ያህል ይሠራል። ማጅራት ገትር ግን ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያጥፉታል። ጀርባው ሲጎብጥ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ማደንዘዣው ትንሽ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚሰማው መጫን ነው። እግሩን ነዘር ካደረገው ይናገር እንጂ አይንቀሳቀስ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ይሄ አይረሳ!

በኋላ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ ሲቀመጥ ይብሳል፣ ሲተኛ ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ውሃ ይጠጣ፤ ቡናም አይከለከልም። ከዘጌ በጀልባ እንደመጣችሁ ጽፈሻል። ከሆስፒታል ሲወጣ በዚያው ቀን ባትሳፈሩ ይሻላል፣ ከተማ ዘመድ ቤት እደሩ። ራስ ምታቱ ከጠና፣ ትኩሳት ካገረሸ፣ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ መልሳችሁ ውሰዱት።