ናሙናው ከመንዝ እስከ ላቦራቶሪ

ጥያቄ፦ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረን በመንዝ ገጠር የሰገራ ናሙና በመሰብሰብ የአንጀት ረቂቅ ተሕዋስያንን ልናጠና ነው። ፍሪጅ የለም፤ ናሙናው ሳይበላሽ እንዴት እናድርሰው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የመንዝ ብርድ አያታላችሁ። እንዲሁ የዋለ ናሙና ውስጥ እነ ኢ. ኮላይ የመሰሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ የምታነቡት ውጤት የአንጀቱ ሳይሆን የብልቃጡ ይሆናል። 95 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ይሻላል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አይበቃም፤ የሰገራው ውሃ ሲጨመርበት ይበልጥ ይቀጥናል። ለአንድ እጅ ሰገራ አራት እጅ ኢታኖል አድርጉና ጓሉ እስኪበተን በጥብጡት፤ ያልተበተነ ጓል መሀሉ ይበላሻል። ክዳኑ ጥብቅ ካልሆነ ኢታኖሉ ይተናል። ባክቴሪያውን አሳድጋችሁ ለማየት ካሰባችሁ ግን ይህ መንገድ አይሆንም፤ ኢታኖል አብዛኛውን ይገድለዋል፣ የሚተርፈው ዲኤንኤው ነው።

ላቦራቶሪ ሲደርስ በትናንሽ ብልቃጥ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። ኢታኖል ብቻ የያዘ ባዶ ብልቃጥም አብሮ ገጠር ደርሶ ይመለስ፤ ከዕቃና ከኬሚካል የገባውን ባዕድ ዲኤንኤ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጾሙን ነው። ግማሹን በሁዳዴ፣ ግማሹን በፍስክ ከሰበሰባችሁ ልዩነቱ ከሰው ይሁን ከምግብ መለየት ያስቸግራል። ባለፉት 3 ወራት አንቲባዮቲክ መውሰዳቸውንም ጠይቁ።

ናሙናው ከአገር ከመውጣቱ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድና የናሙና ዝውውር ስምምነት ይለቅ። የተረፈው ናሙና የማን እንደሆነ፣ መረጃውን ማን እንደሚተነትን፣ በጽሑፉ የማን ስም እንደሚቀድም አሁኑኑ ይጻፍ። የናሙና ሰብሳቢነት ድርሻ ብቻ ከሰጧችሁ አትፈርሙ።