«እግዚአብሔር ረስቶኛል ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ «ተመርቄ ደሴ ቁጭ ካልኩ ቆየሁ፤ ሥራም ትዳርም የለም፤ እግዚአብሔር ረስቶኛል ወይ?» ብለሻል። አልረሳሽም። ዳዊትም እኮ «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» እያለ ጸልዮአል። ማልቀስሽ እምነት ማጣት አይደለም።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደለት በ100 ዓመቱ ነው። በመሀል ሚስቱ ሣራ መጠበቁ ከብዷት፣ ልጅ እንድትወልድለት አገልጋይዋን አጋርን ሰጠችው። እግዚአብሔር ግን ልጅ እንደሚሰጠው የገባለትን ቃል አላጠፈም። እኔን በጣም የሚያጽናናኝ ይሄ ነው፤ የታከታቸውንም ሰዎች አልተዋቸውም።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ስለትሽን ይዘሽ ውጪ። ማመልከቻ ማስገባቱንም አትተዪ፤ ኮምቦልቻም ቢሆን ሞክሪ። ሲከፋሽ ብቻሽን አትሁኚ፣ የንስሐ አባትሽን አዋሪያቸው። የክርስትና ስምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ በጸሎት አስብሻለሁ።