ልጆች ከተወለዱ ወዲህ ማኅበሩ ከበደን፤ ጽዋውን እንመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። እኔና ባለቤቴ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ነን፤ ማኅበሩ 12 ቤት ነው። አሁን የ4 ዓመት ወንድና የ8 ወር ሴት ልጅ አሉን። ወር በገባ በ12 ልጆቹን ይዞ ማምሸት ጭንቅ ሆነብን፤ ተራችን ሲደርስ ደግሞ ድግሱ ያስፈራኛል። ሦስት ወር ቀረን፤ ወዳጆቻችንም ቅር ብሏቸዋል። ጽዋውን ብንመልስ ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጽዋ ማኅበር በፈቃድ የሚገባበት ነው። እንደ ጥምቀትና እንደ ቁርባን ግዴታ ስላልሆነ፣ ዐቅም ሲያጥር ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) እና ለማኅበሩ አባት ለሆኑት ካህን ተናግሮ ማረፍ ይቻላል። የገባችሁት በስእለት ከሆነ ግን ንስሐ አባታችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

እኔ መተዉን አልመክርሽም። የከበደሽ ድግሱ ይመስለኛል፤ እሱ ደግሞ የሚቀነስ ነገር ነው። ለጽዋ የሚያስፈልገው ጸሎት፣ ዳቦ፣ የሚጠጣና ለነዳያን የሚደርስ ነው። አንዱ ቤት በግ ሲያርድ ቀጣዩ ላለማነስ ይበደራል፤ በዚህ የፈረሰ ማኅበር ብዙ ነው። ለ24 ዐዋቂና ለልጆቻቸው የ5 ኪሎ ዱቄት ድፎ ይበቃል። በአንድ ጊዜ አትጋግሪው፤ ዳሩ ሲያር መካከሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ማታ አቡክተሽ፣ ጠዋት ለሁለት ከፍለሽ በኮባ ጋግሪው። ወጡ በፍስክም ቀን ሽሮና ምስር ይሁን፤ 12 ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ የሚቀየር ነገር አይኖርም። ጠላ ሕፃን ላለበት ቤት የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለዚህ ለማኅበሩ ይህን አቅርቡ፦ ዳቦው የተረኛው፣ ወጡ ያለፈው ወር ተረኛ፣ መጠጡ የመጪው ወር ተረኛ ይሁን። አንድ ቤት ብቻውን ደጋሽ አይሆንም።

ሰዓቱም ይቀየር። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጽዋ ሕፃን ላለው አይሆንም፤ በተለይ ከክረምት መውጫ በኋላ ወባ በሚበረታበት ወቅት ከጨለመ በኋላ ሕፃን አቅፎ በሐይቁ ዳር መመለስ አደጋ አለው። 12 በሥራ ቀን ሲውል ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ጽዋውን በቅርቡ እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ማድረግ ይቻላል። የማኅበሩን አባት ፈቃድ ግን ጠይቁ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ትልቁ ጸበል ጸዲቁን በሰፌድ ይዙር፤ ሥራ የተሰጠው ልጅ አይበጠብጥም። የቡናው ከሰል ሕፃን ባለበት በተዘጋ ክፍል አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይመርዛል። ትምህርት ሲሰጥ ሕፃኗን ይዞ የሚወጣው በየወሩ ይለዋወጥ። ሁልጊዜ እናት ብቻ የምትወጣ ከሆነ፣ በዓመቱ ስሟ መዝገብ ላይ አለ፣ እሷ ግን ከማኅበሩ ወጥታለች።

የልጅሽ የክርስትና እናት ከማኅበሩ ናት? ከሆነች እሑድ ጠዋት አግዢኝ በያት። አንቺ ትልቁን ስታቆርቢ እሷ ሕፃኗን ትይዛለች፤ አበልጅነት ለክርስትናው ቀን ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የክርስትና ልጅን በሃይማኖት ማሳደግ ግን ኃላፊነቷ ነው።

ስለ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉዞም አንድ ነገር ልጨምር። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባባቸው፣ ከነቤተሰብ ለሚሄድ ማኅበር የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ጣና በነፋስ ስለሚናወጥ በጠዋት ውጡ፤ በልጆቹ ልክ መንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።

ቅር ስለተሰኙት ደግሞ፣ «ወዳጅ በዘመኑ ሁሉ ይወድዳል» ይላል መጽሐፈ ምሳሌ (17፥17)። ሦስት ወር ዝም ያላችሁት እናንተ ናችሁና እነሱ እስኪመጡ አትጠብቁ። ለቀረ ማኅበርተኛ ከዳቦው የሚላከውን ይዞ የመጣ ካለም በር ላይ አትመልሱት፤ አስገብታችሁ ችግራችሁን ንገሩት። ከመጪው 12 በፊት ሁለታችሁም ልጆቹን ይዛችሁ ሙሴው ቤት ሂዱ፤ ተረኛው ማን እንደሆነ ጠይቁና «የዚህን ወር ወጥ እኛ እናምጣ» በሉ።