እናትንና ልጅን ይዞ ከጅማ ዑምራ ለሚሄድ፦ ከትኬቱ በፊት የእናትዎን ፓስፖርት ያንብቡ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ እህቴ። እናትዎንና የአራት ዓመት ልጅዎን ይዘው በክረምቱ ዕረፍት ዑምራ (ከሐጅ ወቅት ውጭም የሚደረገው የመካ ጉዞ) ለመሄድ ማሰብዎንና «ከየት ልጀምር?» ብለው መጠየቅዎን አነበብሁ። ስለ ሆቴልና ስለ ትኬት ዋጋ ሌሎች የመለሱልዎትን አልደግምም። እኔም እናቴንና ትንሹን ልጄን ይዤ ደርሼ የመጣሁ በመሆኔ፣ ገንዘባችንንና ዕንቅልፋችንን የበላውን ነገር ልንገርዎት።

1ኛ፦ ማንኛውንም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የእናትዎን ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳና የቀበሌ መታወቂያ ጎን ለጎን ደርድረው የስሙን አጻጻፍና የልደት ቀኑን አንድ በአንድ ያስተያዩ። የልጅዎ ወረቀት ብዙም አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው በእናቶቻችን ወረቀት ላይ ነው። የእኔ እናት የተወለደችው ቡና በሚለቀምበት ወራት መሆኑን እንጂ ቀኑን የነገራት ሰው የለም። ስለዚህ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ኅዳር 1 ቀን 1948 ዓ.ም. ተብሎ ተመዘገበላት፤ ይህም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን 1955 መሆኑ ነው። ፓስፖርቷን የመዘገበው ሠራተኛ ግን ዘመኑን ሳይለውጥ ኖቬምበር 1 ቀን 1948 ብሎ አስገባውና እናቴን በአንድ ተቀምጦ ሰባት ዓመት አስረጃት። ቪዛውን ያስጨረሰልን የጉዞ ወኪል ደግሞ የፓስፖርቷ ቅጂ በእጁ እያለ ቅጹን ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ አስልቶ 1955 ብሎ ሞላው። ቦሌ ስንደርስ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን በአንድ እጇ፣ የቪዛውን ወረቀት በሌላው ይዛ፣ አውራ ጣቷን የልደት ቀኑ ላይ እንዳሳረፈች ቀና ብላ እናቴን አየቻት፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልተሳፈረም። የትኬት ለውጥ ቅጣት፣ አዲስ የቪዛ ክፍያ፣ የማይመለስ የሆቴል ገንዘብ፣ ሁሉም ከእኛ ኪስ ወጣ፤ ወኪሉም «የሰጣችሁንን ነው የሞላነው» ብሎ እጁን ታጠበ።

ቀኑን ለማሳረም የሄድንበት መሥሪያ ቤት ያደረገን ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት እናቴ ፊቱ ተቀምጣ እየሰማች «ዕድሜዋን ሳታውቅ ነው ውጭ አገር የምትሄደው?» አለኝ። እናቴ ሻርፗን አስተካክላ ዝም አለች፤ እኔ ግን ዝም አላልሁም። የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ስሌት በወረቀት ጽፌ፣ ስሕተቱ የማን እንደሆነ አስምሬበት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ፤ ኃላፊውም ራሱ ቆጥሮ አረጋገጠና ይቅርታ ጠየቀን። ይሁን እንጂ እርማቱ ጊዜ የሚወስድ ስለነበር የሄድነው ቪዛውን ከፓስፖርቱ ጋር አስማምተን በማሠራት ነው። እርስዎ ጊዜ ካለዎት ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምረው አሁኑኑ ያሳርሙ። ጊዜ ከሌለዎት ግን ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ መድገም አለበት፤ ወኪልዎ «ላክ» የሚለውን ከመጫኑ በፊትም አጠገቡ ቆመው ያንብቡት። ሌላው የጣት አሻራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅምና እንጨት ስትፈልጥ የኖረች እናት ጣት ልሙጥ ስለሚሆን ማሽኑ ላያነብላት ይችላል፤ እጇን በሞቀ ውኃ አስታጥበው ትንሽ ቅባት ቢቀቡላት ይሻላል።

2ኛ፦ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አያሳድሩ። ለዑምራ ግዴታ የሆነው የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ የቢጫ ወባ ካርድም የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የቢጫ ወባው ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ እናትዎ ከመወጋታቸው በፊት ያለባቸውን ሕመም የሚያውቅ ሐኪም ይወስን። (የእኔ እናት እዚህም ላይ በፓስፖርቷ ዕድሜ ተጠይቃ፣ እውነተኛውን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅተናል።)

ስለ ወቅቱ ካነሳን፣ እኔ ብሆን ክረምቱን ትቼ የጥርን የግማሽ ዓመት ዕረፍት እመርጥ ነበር። በሐምሌ የመካ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በነበረው ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግር የሄዱ ነበሩ።

3ኛ፦ የትኬቱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ያንብቡ። «01:15» የሚል ትኬት በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ የተጻፈው ቀን ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠረው አዲሱ ቀን ነው። ትኬቱ ዓርብ የሚል ከሆነ ቦሌ መገኘት ያለብዎ ሐሙስ ማታ ነው። ከጅማ በመኪና የሚመጡ ከሆነም የጊቤን ቁልቁለት ከልጅና ከአዛውንት ጋር በጉዞው ዕለት አይሞክሩት፤ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይደሩ። በሳዑዲና በእኛ መካከል የሰዓት ልዩነት ስለሌለ የእናትዎ የመድኃኒት ሰዓት አይዛባም፤ መድኃኒቱ ግን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን።

4ኛ፦ «እናቴ ጠንካራ ናት፣ ትራመዳለች» ብለው ዊልቸር ከማዘዝ አይቆጠቡ፤ ለአውሮፕላኑ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ። በመካው ታላቅ መስጊድ ውስጥ ባሉት በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ የሚደረገው ጉዞ ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ዑምራውን የፈጸምነው ከደረስን በኋላ ሌሊቱን አሳርፈን፣ እናቴ በዊልቸር፣ ልጁም ስልክ ቁጥራችን የተጻፈበት አምባር በእጁ ታስሮለት ጭኗ ላይ ተቀምጦ ነው። ከእኛ ጋር የገቡ ጤነኛ ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው ሲያርፉ እኛ ጨርሰን ስንወጣ፣ ያን ሁሉ ደጅ ጥናት ረሳሁት።

የሰው ዕቃም አይያዙ። የጅማ ሰው መንገደኛ ሲያይ «ይህችን ለልጄ» ማለቱ አይቀርም፤ በእናትዎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ፣ የታሸገውን ጭምር፣ ራስዎ ከፍተው ይዩ። ጫት ሳዑዲ ውስጥ የሚያሳስር አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ከተገኘ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። እኔ ፌስታሏን ከፍቼ ካላየሁ አልወስድም ያልኋቸው ጎረቤቴ እስከ አሁን አኩርፈውኛል።