የሰማዩን ጠይቁኝ፦ ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ሰማይና ስለ ጠፈር የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን መልሻለሁ። «ኮከቤ ምንድን ነው? ከእጮኛዬ ጋር ይገጥማል ወይ?» ያላችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። የውጭውን ጉዳይ በፈረንጆቹ፣ የቤታችንን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

«ቲክቶክ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ወደ እኛ እየበረረ ነው ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ ደብቀውን ነው?» (የባጃጅ ሹፌር፣ አዘዞ)

ወንድሜ፣ የሰማኸው ስለ 3አይ/አትላስ ነው። ጅራታም ኮከብ ነው። ጁላይ 1 ቀን 2025 ቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ አገኘው። ስሙ ላይ ያለው 3 ያለ ነገር አልገባም። ከሌላ ኮከብ ዙሪያ ተነስቶ በእኛ ሰፈር ሲያልፍ የታየ ሦስተኛው እንግዳ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው በ2017 ኦሙአሙአ፣ ሁለተኛው በ2019 ቦሪሶቭ ነበሩ።

ከውጭ መምጣቱ በምን ታወቀ? በፍጥነቱ። ሲገኝ በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። እንዲህ የሚሮጠውን ፀሐይ ይዛ ማስቀረት አትችልም። መንገዱን ትንሽ ታጎብጠዋለች፣ ከዚያ ይሄዳል። ተመልሶም አይመጣም።

የመንኮራኩሩ ወሬ የማይዘልቀው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ፀሐይ ስትሞቀው በረዶው ተነነ፣ በጋዝና በአቧራ ተሸፈነ፣ ጅራት አወጣ። ጠፈር ላይ ያለው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ጋዙን ሲመረምር ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኘበት። ይህ የጅራታም ኮከብ ጠባይ ነው። ወደ እኛ በጣም የቀረበው ዲሴምበር 19 ቀን 2025 ነው። ያን ቀንም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ፀሐይ ራሷ ከእኛ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። «ደብቀውን ነው?» ላልከው ደግሞ፣ በየአገሩ ያሉ ተራ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ በተከሉት ቴሌስኮፕ ፎቶ አንስተውታል። ያን ሁሉ ሰው ዝም የሚያሰኝ መንግሥት እስካሁን አልተፈጠረም።

«በ2032 ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል ብለው ልጆቼ አስፈራሩኝ። እውነት ነው?» (ባለ ሱቅ፣ ሳሙና በር)

እትዬ፣ ምድር ላይ አይወድቅም፤ ይተኙ። ልጆችዎ ግን ወሬውን ከአየር አላመጡትም። 2024 ዋይአር4 የሚባል፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድንጋይ በ2024 መጨረሻ ተገኘ። ያገኘውም ያው የቺሊው አትላስ ነው። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ምድርን የመምታት ዕድሉ 3.1 በመቶ ደረሰ። ሰው የደነገጠው ያኔ ነው። ወሩ ሳያልቅ ግን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ።

«መጀመሪያ ጨምሮ ኋላ እንዴት ጠፋ? ተሳስተው ነው?» ያሉኝም አሉ። አልተሳሳቱም። አንድ ድንጋይ አዲስ ሲገኝ ከዓመታት በኋላ የት እንደሚሆን በትክክል አይታወቅም። «ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ይሆናል» ብቻ ነው የሚባለው። ምድር እዚያ ሰፊ ክልል ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት። ልኬቱ በተጨመረ ቁጥር ክልሉ ይጠባል። ምድር እስካልወጣች ድረስ የእሷ ድርሻ ያድጋል፣ መቶኛውም ይወጣል። አንድ ቀን ምድር ከክልሉ ውጭ ትሆናለች፣ ቁጥሩም ይወድቃል። ዜና የሚሆነው ግን ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ ማንም አያወራውም።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምርልዎ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ናሳ ዳርት የምትባል መንኮራኩር ሆን ብሎ ከዲሞርፎስ ጋር አጋጨ። ዲሞርፎስ 160 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ሌላ ትልቅ ድንጋይ የሚዞር ነው፤ ለእኛም አያሰጋም። አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነበር። ከግጭቱ በኋላ 32 ደቂቃ ያህል ቀነሰ። የሰው ልጅ የሰማይ አካልን መንገድ ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀድመን ካየነው ልንገፋው እንችላለን ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ቀድሞ ማየቱ ነው።

«ፕሉቶን ለምን ከፕላኔትነት አባረሯት?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ)

እሷን የሚመስሉ ብዙ ስለተገኙ። በ2006 ድንክ ፕላኔት ተባለች። እሷ ግን ምንም አልጎደለባትም፣ እዚያው እየዞረች ነው።

«ዌብ ቴሌስኮፕ ያለፈውን ዘመን ያያል ይባላል። ያለፈ ነገር እንዴት ይታያል?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ)

የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ብርሃን ፈጣን ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል። የጨረቃ ብርሃን ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በልጦ፣ የፀሐይ ብርሃን በ8 ደቂቃ ይደርሰናል። ስለዚህ የምታያት ፀሐይ የዛሬ 8 ደቂቃ የነበረችው ናት። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የምታየውም እየቆየ ይሄዳል። ብርሃኑ 13 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ጋላክሲ (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) ካየህ፣ የምታየው ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረውን ነው።

ችግሩ ብርሃኑ ሲመጣ እንደ አነሳሱ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። ጠፈር ራሱ እየሰፋ ስለሆነ በመንገድ ላይ ይለጠጣል። ሰማያዊው ይቀላል፣ ቀዩም ዓይናችን ወደማያየው ሙቀት ይለወጣል። ከሥር እሳቱ ከጠፋ በኋላ እጅህን ወደ ምጣድ ብታስጠጋ ምንም ብርሃን ሳታይ ሙቀቱ ይሰማሃል አይደል? ዌብ የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው።

ለዚህም ነው እሱ ራሱ መቀዝቀዝ ያለበት። ራሱ ከሞቀ የራሱን ሙቀት ነው የሚያየው። ስለዚህ ዲሴምበር 25 ቀን 2021 ተወንጭፎ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ሄደ። አምስት ድርብ የፀሐይ መከለያ ተዘርግቶለታል። መስታወቱ በወርቅ የተለበጡ 18 ቁርጥራጮች ሲሆኑ፣ ሲገጣጠሙ 6.5 ሜትር ይሰፋሉ።

ያገኘውስ? በ2025 ሞም-ዜድ14 የተባለ ጋላክሲ ይፋ ሆነ። ጋላክሲውን የምናየው ጠፈር ከተጀመረ ከ280 ሚሊዮን ዓመት በኋላ እንደነበረ ነው። የጠፈር ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ነውና ያ ገና ማለዳው ነው። እንዲህ ያሉት ቀደምት ጋላክሲዎች ከተጠበቀው በላይ ብሩህና ብዙ ሆነው ተገኙ። በዚያች አጭር ጊዜ ያን ያህል ኮከብ እንዴት ፈጠሩ? ክርክሩ ገና አልተቋጨም። «ሳይንስ ፈረሰ» የሚሉትን ግን አትስማ። የሚስተካከለው የጋላክሲ አወላለድ ስሌት ነው።

«መምህር፣ በነሐሴ ቀትር ላይ ጥላዬ እግሬ ሥር ይገባል። በጥር ግን ይረዝማል። ምክንያቱ ምንድን ነው?» (የአብነት ተማሪ፣ ቁስቋም)

ይህ ከጠፈር መንኮራኩር ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ልጁ ራሱ አይቶ ነው የጠየቀው። በእግር ጥላ ልክ ሰዓት መቁጠር የሊቃውንቱ የቆየ ዕውቀት መሆኑንም ታውቃለህ።

ምድር 23.4 ዲግሪ ዘምማ ነው ፀሐይን የምትዞረው። ስለዚህ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ የምትውልበት ቦታ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሚያዝያ 16 ገደማ፣ ስትመለስ ነሐሴ 13 ገደማ በትክክል በአናታችን ታልፋለች። በነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ደግሞ የቀትር ጥላህ ወደ ደቡብ ይወድቃል። አስተውለኸው ታውቃለህ?

ታኅሣሥ 12 ገደማ በጣም ይረዝማል። ቁመትህ 1 ሜትር ከ70 ከሆነ ጥላህ በቀትር 1 ሜትር ከ23 ሳንቲ ያህል ይሆናል።

ስትለካ ግን ሰዓቱን ተጠንቀቅ። የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ 7 ዲግሪ ተኩል በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምትሄድ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ትደርሰናለች። በነሐሴ ደመናው አያስለካህም፤ ለሚያዝያ ቀጥ ያለ ዱላና ገመድ አዘጋጅ። የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ኤራቶስቴንስ የተባለ ሰው የምድርን ዙሪያ ያሰላው የግብፅን ሁለት ከተሞች የቀትር ጥላ አወዳድሮ ነው። አንተም ደቡብ ያለ ጓደኛህ በዚያው ቀን ቢለካልህ መሞከር ትችላለህ።

«ሰኔ 14 ቀን 2012 የላሊበላውን ግርዶሽ አምልጦኛል። ሌላ መቼ ነው?»

ሐምሌ 26 ቀን 2019። ሙሉው ግርዶሽ በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሉክሶርና በመካ አድርጎ ወደ የመን ይሻገራል። ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይጨልማል። ለእኛ ሙሉ አይሆንም፤ አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ግን ይሸፈናል። ክፋቱ ሐምሌ መሆኑ ነው። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ደመናው ከገለጠልን ዕድለኞች ነን።

በራጅ ፊልም፣ በጠቆረ ጠርሙስ ወይም በተራ የፀሐይ መነጽር እንዳታዩ። ዓይን ሲቃጠል አያምም፤ የሚታወቀው ከተበላሸ በኋላ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ ዛፍ ሥር ሂዱና መሬቱን እዩ። በቅጠሎቹ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ትንንሽ የተገመጡ ፀሐዮችን ይሥላል።

«ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ ወይስ አልተገኘም? አንዱ አዎ፣ አንዱ የለም ይላል።»

አልተገኘም። የተገኘው ይኸ ነው፦ ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2024 በአንድ የጥንት ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነጠብጣብ ያለበት አለት አየች። ነጠብጣቡ ውስጥ የብረት ማዕድናት አሉ። ምድር ላይ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ተሕዋስያን ሊሠሩት ይችላሉ። ያለ ሕይወትም ሊፈጠር ይችላል። በ2025 የወጣው ጥናት ያለው «ሊሆን የሚችል ምልክት» ነው። ናሙናው ተቆፍሮ ቱቦ ውስጥ ገብቷል፤ ግን እዚያው ማርስ ላይ ነው። ምድር መጥቶ ካልተመረመረ ነገሩ አይለይለትም።

ለእኔ የበለጠ የሚያስደንቀው ቤኑ ነው። ከዚህ አስትሮይድ (ፀሐይን ከሚዞር ድንጋይ) 121.6 ግራም አፈር በ2023 ምድር ደረሰ። በውስጡ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኙ። ሕይወት አይደለም፤ ጥሬ ዕቃው ግን በጠፈር ሞልቷል።

«ለደሃ አገር ሳተላይት ምን ያደርጋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው 72 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይታችን ከቻይና ተወንጭፋለች። እርሻን፣ ውኃንና ደንን እንድትመለከት ነው የተሠራችው። የእኔ አቋም፦ ፎቶ ማንሳቱ አይበቃም፤ መረጃው ገበሬው ጋ ካልደረሰ ጌጥ ነው።

ግን የራሳችንን ብቻ መጠበቅም የለብንም። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ፎቶ ለማንም ሰው በነጻ ይለቀቃል፤ የፎቶው አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ናት። ጎርጎራ ላይ ቆመህ እምቦጩ ጣናን ምን ያህል እንደሸፈነ ማየት አትችልም። ከላይ ግን አረንጓዴው ከየት ወዴት እንደተጓዘ በየሳምንቱ መከታተል ይቻላል። ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው የጎንደር ተማሪ ሁሉ ሊሠራው የሚችል የመመረቂያ ሥራ ነው።

«ሌሊት በሰልፍ የሚሄዱ መብራቶች አየሁ። ምንድን ናቸው?»

ስታርሊንክ። አዲስ የተወነጨፉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች መጀመሪያ ላይ ተከታትለው ይሄዳሉ፣ ኋላ ይበታተናሉ። ለቴሌስኮፖች ግን ራስ ምታት ሆነዋል።

«ሰው ጨረቃ ላይ ወርዷል ወይስ ድራማ ነው?»

ወርዷል። ከ1969 እስከ 1972 ስድስት ጊዜ። 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። ትተዋቸው የመጡት መስታወቶችም ዛሬ ድረስ ከምድር የሚላክ ሌዘር ይመልሳሉ።

«ቴሌስኮፕ ልግዛ?»

ገና ጀማሪ ከሆንክ አትግዛ። ርካሹ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከወር በኋላ አልጋ ሥር ይገባል። 10 በ50 የሚባለውን ባይኖኩላር ፈልግ። ግድግዳ ላይ ተደግፈህ ጁፒተርን ብታይ ጋሊሊዮ በ1610 ያገኛቸውን አራቱን ጨረቃዎች ጎንና ጎኗ ላይ ታገኛለህ።

እኛ ደግሞ ቦታችን መልካም ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይታያል፤ እጅህን ዘርግተህ ጭብጥህ ከምትሸፍነው ጥቂት ከፍ ይላል። በግንቦት ምሽት ዞር ብለህ ወደ ደቡብ ብታይ የደቡብ መስቀል አለ። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ከቤቱ አያየውም። የባይኖኩላሩን ዋጋ ግን እኔን አትጠይቀኝ፤ ፒያሳ ወርደህ ተከራከር።