ስልኬ ላይ ምን ልጫን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሥራ ስሄድና ስመለስ መንገድ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ያላወረድኩት ጌም የለም፤ ግን አንዱን ዙር ሳልጨርስ ማስታወቂያ ይደነቀርብኛል። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ አሮጌ ስልክ ላይ የሚሠራ ጌም አለ?
— መንገደኛው

መልስ፦ አለ ወንድሜ፣ ያውም ብዙ። ግን ፕሌይ ስቶርን ስትከፍት መጀመሪያ የሚደረደሩልህ እነሱ አይደሉም፣ ፈልገህ ነው የምታገኛቸው።

ለአሮጌ ስልክ ከሁሉም በፊት የምመክርህ የሳይመን ታታምን የእንቆቅልሽ ስብስብ ነው። ወደ 40 የሚጠጉ ጨዋታዎች አንድ አፕ ውስጥ አሉ፤ ሱዶኩ አለ፣ ፈንጂ ፍለጋው አለ፣ ስማቸውን ሰምተህ የማታውቃቸውም አሉ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ስልክህ ላይ የሚይዘው ቦታም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መልኩ አያምርም፣ እውነት ነው። አንድ ሳምንት ከተጫወትክ በኋላ ግን መልኩን ማየት ትተዋለህ።

ቼዝ ከወደድክ ሊቼስን አውርድ። እሱም ነፃ ነው፣ አንድም ማስታወቂያ የለውም፣ ወጪውም የሚሸፈነው በተጠቃሚዎች መዋጮ ነው። ጓደኛህ አጠገብህ ከተቀመጠ ያለ ኢንተርኔት በአንዱ ስልክ ሁለታችሁም መጫወት ትችላላችሁ።

መክፈል ከቻልክ ደግሞ ሁለት አሉ። ሚኒ ሜትሮ ላይ የከተማ ባቡር መስመር እየሳልክ ጣቢያዎችን ታገናኛለህ፤ ተሳፋሪው እየበዛ ይሄዳል፣ አንዱ ጣቢያ ከመጠን በላይ ከተጨናነቀ ጨዋታው ያበቃል። የለንደን፣ የፓሪስ፣ የካይሮ ካርታዎች አሉት። ስታርዲው ቫሊ የእርሻ ጌም ነው፤ ኤሪክ ባሮን የተባለ ሰው ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ጨምሮ ብቻውን ለዓመታት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው። አንዴ ትገዛዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅህም። ስልክህ በጣም ካረጀ ግን ሊከብደው ይችላል።

አንዴ ከፍሎ መገላገል ከነፃው ይሻላል የምልበት ምክንያት አለኝ። ካንዲ ክራሽን ውሰድ። 5 ነፍስ ይሰጥሃል፣ ስትሸነፍ አንዱ ይቀነሳል፣ እሱ እስኪመለስ 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ መጠበቅ ካስጠላህ ክፈል ይልሃል። ማለትም ጨዋታው የተሠራው ትዕግሥትህ የሚያልቅበትን ቦታ እያሰበ ነው። ብዙዎቹ ነፃ ጌሞች በዚህ መንገድ ነው የሚያተርፉት። ስለዚህ ከማውረድህ በፊት በአፑ ገጽ ላይ ከስሙ በታች ያሉትን ትንንሽ ጽሑፎች አንብብ፤ ማስታወቂያ እንዳለውና ውስጡ የሚሸጥ ነገር እንዳለ እዚያው ተጽፏል። ካወረድክ በኋላ ኤርፕሌን ሞድ አብርተህ ክፈተው። እምቢ ካለ ለመንገድ አይሆንህም፣ አጥፋው።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ስልኬን ከያዘች ጌም ትጀምርና ሳላስበው ሌላ ቦታ ገብታ አገኛታለሁ። አንድ ቀን የሚገዛ ነገር ልትነካ ስትል ደረስኩባት። ምን ላድርግ?
— የልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መግዣውን ዝጊው። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ ወይም የጣት አሻራ እንዲጠይቅ አድርጊ። አይፎን ከሆነ ስክሪን ታይም ውስጥ በአፕ የሚደረግ ግዢን ጭራሽ መከልከል ይቻላል። ይህን ዛሬውኑ አድርጊው፣ ሌላው ይደርሳል።

ቀጥሎ ስልኩን አንድ አፕ ላይ መቆለፍ ነው። አንድሮይድ ላይ አፕ ፒኒንግ ይባላል፣ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ሥር ፈልጊው፤ አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስ ነው፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ አለ። ካበራሽው በኋላ ልጅቷ ከዚያ አፕ መውጣት አትችልም፣ ለመውጣት ያንቺ የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንድሮይድ ላይ ግን ሲወጣ ቁጥሩን እንዲጠይቅ የሚለውንም እዚያው አብሪው።

ለምትጫወተው ደግሞ ካን አካዳሚ ኪድስን አስቢበት። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው፣ ማስታወቂያም የሚሸጥ ነገርም የለውም፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ አብረሻት ብትቀመጪ ጥሩ ነው። አንድሮይድ ካለሽ ጂኮምፕሪ የሚባል ሌላ አፕም አለ። ቁጥር፣ ፊደል፣ ቅርጽ ማዛመድ፣ ማውዝ መለማመጃ ሳይቀር ተሰብስቦበታል፣ እሱም ነፃ ነው። እኔ ለልጅ የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው፤ ምክንያቱም ልጅ ማስታወቂያንና ጨዋታን ለይታ አታውቅም፣ ያበራላትን ሁሉ ትነካለች።

ጥያቄ፦ ስልኬ እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ። ልጆቹ ሜሞሪ የሚያጸዳ አፕ ጫኑልኝ፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ስልክዎ አደጋ ላይ ነው» እያለ ያስደነግጠኛል።
— ጡረተኛው

መልስ፦ አባቴ፣ ያንን አፕ ያጥፉት። አንድሮይድ የትኛው አፕ ሜሞሪ ላይ እንደሚቆይ ራሱ ነው የሚያስተዳድረው፤ ማጽጃው ሁሉንም እየዘጋ ሲሄድ፣ እርስዎ መልሰው በከፈቷቸው ቁጥር ስልኩ ከዜሮ ይጀምራል፣ ባትሪም ይበላል። ማስደንገጫውም ማስታወቂያ እንዲነኩለት ነው እንጂ ስልክዎ ምንም አልሆነም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀራፍፈው ስቶሬጅ፣ ማለትም የስልኩ ፋይል ማስቀመጫ ቦታ፣ መሙላቱ ነው፤ ስቶሬጁን የሚሞላው ደግሞ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ የተላከልን ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ብለው ይግቡና ያጥፉ። ዋትስአፕም ተመሳሳይ ቦታ አለው፣ ማኔጅ ስቶሬጅ ይላል፣ ትልልቆቹን ፋይሎች ከላይ ደርድሮ ያሳይዎታል። የልጅ ልጆችዎን ፎቶ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከጨረሱ በኋላ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።

ጥያቄ፦ ጥሩ የባትሪ መብራት አፕ የቱ ነው?

መልስ፦ የትኛውም አያስፈልግህም። ስልክህ ላይ አብሮ የመጣው ይበቃል፣ ከላይ ወደ ታች ስትስበው ታገኘዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ እጅግ ብዙ ሰው ያወረደው የመብራት አፕ ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ በአሜሪካ ተከሷል። መብራት የት እንዳለህ ማወቅ አያስፈልገውም። ካልኩሌተር ኮንታክትህን፣ ኪቦርድ ማስለወጫ ካሜራህን ከጠየቀህም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ሳጠና ይገባኛል፣ ፈተና ሲደርስ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። የሚረዳኝ አፕ አለ?
— ረሺው

መልስ፦ አንኪ። ምንም ሌላ ባትጭኚ እሱን ጫኚ። ካርድ ትሠሪያለሽ፣ በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። መልሱን ካወቅሽው ካርዱ ከቀናት በኋላ፣ እንደገና ካወቅሽው ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል፤ ከረሳሽው ወዲያው ይመጣልሻል። እንደዚህ እያራራቁ መከለስ ነገሩ ሊጠፋሽ ሲል መልሶ ያጠነክረዋል። አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ ይባላል፣ ነፃ ነው፤ የአይፎኑ ያስከፍላል፣ ኮምፒውተር ካገኘሽ ግን እዚያ ላይ ያለ ክፍያ መጠቀም ትችያለሽ።

ለማንበብ ደግሞ ኪዊክስን እዪው፣ ዊኪፒዲያን አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት የምታነቢበት አፕ ነው። ሙሉው የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ አትሞክሪው፤ በትምህርት ዘርፍ የተከፋፈሉ ትንንሾች አሉ፣ ሥዕል የሌላቸውም አሉ፣ ዋይፋይ ስታገኚ ከእነሱ አንዱን አውርጂ።

አንኪ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሰው የሠራውን ካርድ ከማውረድ ራስሽ ሥሪ፣ ስትጽፊው ግማሹን ታጠኚዋለሽ። አንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። በቀን ከ10 አዲስ ካርድ በላይ አትጨምሪ፣ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ነገም ከነገ ወዲያም ለክለሳ ይመጣሉ፣ ከተከመሩብሽ ትተይዋለሽ። ፈተናው ወር ከቀረው ዛሬ ማታ ጀምሪ።